ከሰው በፊት ብልቃጡን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ሁለተኛ ላቦራቶሪ ሆኗል። ልዩነቱ ደም የማይቀዳበት፣ ወረቀት ብቻ የሚነበብበት መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ዛሬ በየመንገዱ የግል ላቦራቶሪ አለ። ሰፈርተኛው ጠዋት ይቀዳል፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ሐይቁ በሚታይበት ደጄ ይቆማል። ሴቶቹ ቀጥ ብለው ገብተው ይጠይቁኛል። ወንዶቹ ግን መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ «በሉ ልሂድ» ብለው ብድግ ሲሉ ነው ወረቀቱ ከኪስ የሚወጣው። «ይቺን ነገር እስቲ እይልኝ» ይሉኛል፣ የሌላ ሰው አደራ የያዙ ይመስል።

«ይቺ ነገር» ብዙ ጊዜ ኮሌስትሮል ናት፣ አለዚያም ቴስቶስትሮን። የመጀመሪያው በደም ውስጥ የሚዞር የስብ ዘር ነው፤ ሁለተኛው የወንድነት ሆርሞን የሚባለው ነው። ማሽኑ ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ከጎኑ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ያትማል። ሰዉ ቁጥሩን አያይም፤ ፊደሏን አይቶ ነው እንቅልፍ የሚያጣው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ልቡ ነገ የምትቆም ይመስለዋል። ሆርሞኑ ዝቅ ያለበት ደግሞ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል።

እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ገልብጬ አስቀምጠውና መጠየቅ እጀምራለሁ። ስንት ሰዓት ተቀዳህ? ምን በልተህ ነበር? ሌሊቱን ተኝተህ ነበር ወይስ ሥራ ላይ? ሰሞኑን አላመመህም? የምትወስደው መድኃኒት አለ? አንዱ ጎረቤቴ «ፖሊስ ነህ እንዴ?» ብሎኛል። ፖሊስ አይደለሁም፤ ጠርጣራ ነኝ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚባለውን ሰው ሁሉ ከእናቱ ይሰማዋል፣ እኔ ግን ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የተማርሁት። ያስተማሩኝ አቶ በላቸው ናቸው።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ የተመረቅሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ቆላ ውስጥ ባለች ጤና ጣቢያ ነበር፤ ሥራዬም ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ወባ መፈለግ ነበር። ወባ ሐቀኛ በሽታ ናት። ካለች ትታያለች፣ ከሌለች አትታይም። ከዚያ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ወደነበረ የመንግሥት ክሊኒክ ተዛወርሁ። ደመወዜ ያው ነበረ፤ የዝውውር ደብዳቤዬም ከኔ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ባሕር ዳር ስደርስ ግን ደም እንደ ወባ ሁሉ ሐቀኛ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

አቶ በላቸው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። ረዥምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ስለማይጎላ ሰው ወደሳቸው ጠጋ ይላል። ደም የያዘ ብልቃጥ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ወደ ሐይቁ በሚያሳየው መስኮት በኩል አንስተው በብርሃን ያዩታል። ከዚያ «የማን ነው? መቼ ተቀዳ? ማን ይዞት መጣ?» ይላሉ። መልሱ ካልጣማቸው ብልቃጡ ይመለሳል።

«ይስማው፣» አሉኝ ስሜን ጠርተው በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ብልቃጥ ይዋሻል፣ ውሃ ይዋሻል፣ ሰዓት ይዋሻል። የሰው ተራ የሚደርሰው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሰው በፊት ብልቃጡን ጠርጥር።»

የዚያን ጊዜ ኮሌስትሮል ቁልፍ በመጫን አይለካም። የተቀዳው ደም ረግቶ ቀዩ ሲዘቅጥ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል፤ ሴረም እንለዋለን። ከኮምጣጤ ዘር የሆነ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ፈሳሽ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በበረዶ ላይ ቀስ አድርገን እንቀላቅላለን። በዚያ ላይ ከሴረሙ ጠብ ሲደረግበት ቀለሙ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው በጠነከረ ቁጥር ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ነው። አረንጓዴው ደግሞ እስኪመችህ አይጠብቅህም። ቀድመህ ካየኸው ገና ነው፣ ዘግይተህ ካየኸው ጠውልጓል። ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን ውሃ ነው። ብልቃጡ በደንብ ካልደረቀ ነገሩ ሁሉ ይፈላና ቀለሙ ይበላሻል። አቶ በላቸው ስለዚህ የታጠበውን ብልቃጥ ሁሉ ደፍተው አድርቀው ሲያበቁ፣ አንድ በአንድ አፉን ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። «ጣት ሥራ የለመደ ነው፣ እርጥበት አያውቅም። ጉንጭ ያውቃል» ይሉ ነበር። እኔም እስከ ጡረታዬ ቀን ድረስ ብልቃጥ በጉንጬ ስመረምር ኖሬአለሁ። አዲሶቹ ልጆች እየተጠቃቀሱ ይስቁብኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራችን መስመር መሳቱን የምናውቅበት፣ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ሴረም ከውጭ ይመጣልን ነበር፤ በዚያ ዘመን ቀረ። እሳቸው ታዲያ በየሳምንቱ የራሳቸውን ደም ያስቀዱኝና ከሕመምተኛው ጎን ይሠሩታል። የሳቸው ልክ የታወቀ ነውና፣ እሱ ከተዛነፈ ሌላውም ተዛንፏል ማለት ነው። አንድ ዓመት ዓቢይ ጾም ሲጋመስ የሳቸው ቁጥር እየወረደ ሄደ። አሲዱን ጠረጠርን፣ በረዶውን ጠረጠርን፣ እኔ በልቤ የጽዳት ሠራተኛዋንም ጠርጥሬአለሁ። ለካ ቅቤውና ሥጋው ስለቀረ ነው! ፋሲካ አልፎ ቁጥሩ ሲመለስ ነው የገባን። «በላቸውም የማይታመን ሰው ሆኖ ተገኘ» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው።

ዘመኑ ራሱ ጠርጣራ ነበር። የቀበሌው ሰው ማን ቤት ማን እንዳደረ ይጠረጥራል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ የክሊኒካችን አስተዳዳሪ ሁላችንንም ይጠረጥራል። አንድ የአውራጃ ሹም ደሙን ሊያስመረምር መጣ፤ ጓድ እያልን ነበር የምንጠራው፣ ስሙን ዛሬም ባልጠራው ይሻለኛል። ሴረሙ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወተት ነጥቶ ተገኘ። አቶ በላቸው አልለካም አሉ። አስተዳዳሪው እየሮጠ መጣና «ደህና ቁጥር ጻፉለትና ይሂድ! ኋላ ጓድን በሽተኛ ሊያደርጉት ነው ይባላል» አለ። እሳቸው ብልቃጡን በመስኮቱ በኩል አንሥተው ማየታቸውን ቀጠሉ። ወዲያው ሹሙ ራሱ ከነጠባቂው ገባ።

«ማነው ደሜን ወተት ያደረገው?» አለ።

«ጓድ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?» አሉ አቶ በላቸው፣ በዚያው በማይሰማ ድምፃቸው።

ሹሙ ጠባቂውን አየት አደረገ። «ትናንት እንግዶች ነበሩብን። በግ ታርዶ ነበር። ጠዋት ዱለቱን ቀመስ አድርጌ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ያየነው ዱለቱን ነው። ነገ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ፣ ያን ጊዜ እርስዎን እናያለን።»

በማግስቱ መጣ። ሴረሙም ጠራ። ኮሌስትሮሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ እሱንም እንደ ወረደ ጻፉለት። አስተዳዳሪው ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪያችን በር ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይገባም ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው የእንድሪስን ነገር ለመጀመር ድፍረት ስላጣሁ ነው። እሱን ሳላወራ ደግሞ የሥራ ዘመኔን አወራሁ ማለት አይቻልም።

እንድሪስ ሐይቁ ዳር ካሉት እስላሞች አንዱ ነበር፤ ሥራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ማሰር ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጆሮዎቹ ደግሞ ገንጠል ብለው ወደ ፊት የቆሙ ሰው ነበር። ሰፈሩ «የሐይቁን ወሬ ቀድሞ የሚሰማው እንድሪስ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር። ዘሐራ የምትባል ሚስት አገባ፤ ዓመታት አለፉ፣ ልጅ ግን አልመጣም። ድካምም ይሰማው ጀመር። ዶክተር ፍሥሓ የሚባሉ ሐኪማችን መረመሩትና ሁለት ነገር አዘዙለት፤ ኮሌስትሮሉ እዚሁ እንዲለካ፣ ቴስቶስትሮኑ ደግሞ አዲስ አበባ እንዲላክ። አዲስ አበባ አንድ የሥራ ወዳጅ ነበራቸው፤ ከዚያም ደሙ ውጭ አገር ይሄዳል ይባል ነበር። ዶክተሩ ሰውነት ያንን ሆርሞን የሚሠራው ከዚያው ከምንፈራው ኮሌስትሮል እንደሆነ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ትእዛዙ ላይ «ጠዋት ይቀዳ» ብለው ጽፈዋል። ለላቦራቶሪያችን እንዲህ ያለ ምርመራ የመጀመሪያው ነበር።

ወሩ ረመዳን ነበር። እንድሪስ ጠዋት መጣና መርፌውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ በላቸው፣ ጾመኛ ነኝ። ደም ከወጣልኝ ጾሜ የሚፈርስ ይመስለኛል። ካፈጠርሁ በኋላ ልምጣ?»

አቶ በላቸው አሰቡበት። ረመዳን እስኪያልቅ ጠብቅ እንዳይሉት፣ ሰውየው ለመምጣት ስንት ጊዜ እንዳመነታ ከዶክተሩ ሰምተዋል። አንዴ ከሄደ ላይመለስ ይችላል። «ይሁን፣ ማታ ቆይቼ እጠብቅሃለሁ» አሉት። ለዚያ ሰው ብለው ቤታቸው ሳይሄዱ አመሹ። እንድሪስ ቴምርና ውሃ ቀምሶ መጣ፤ እሳቸው ራሳቸው ቀዱለት። ብልቃጡ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን አልጻፉም። ኮሌስትሮሉ ደህና ነበር። የቀረው ሴረም በበረዶ ዕቃ ሆኖ ሄደ።

ውጤቱ ወራት ፈጅቶ ነው የመጣው። በመካከሉ ዘሐራ አረገዘች፤ ሰፈሩም ደስ አለው። ወረቀቱ ሲደርስ ዶክተር ፍሥሓ ለሥራ ወጥተው ወረዳ ላይ ነበሩ። አስተዳዳሪው የደሙ ባለቤት ይውሰደው ብሎ ለእንድሪስ ሰጠው። እንድሪስ ወረቀቱን ይዞ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ጸሐፊ ዘንድ ሄደ። ጸሐፊው አነበበና «የወንድነት ሆርሞንህ ከልክ በታች ነው ይላል» አለው። ከዚያ በላይ አልጨመረም፣ አያውቅምና። እንድሪስ ግን በራሱ ጨመረበት። እኔ ወንድ ካልሆንሁ፣ ያረገዘችው ከማን ነው?

ቤቱ ሲገባ ዘሐራ እራት ልታቀርብ ተነሣች። ምንም ሳይጠይቃት ፈታኋት አላት። እሷም ጨርቋን ይዛ ሐይቁን ተሻግራ አጎቷ ቤት ገባች።

ይህንን የሰማነው ከቆየ በኋላ ነው፣ ያውም ከራሱ። አንድ ቀን ወረቀቷን ጨብጦ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ጆሮዎቹ ብቻ ነበሩ ያልከሱት።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ደሜ ከሌላ ሰው ደም ጋር ተቀላቅሎ እንደሁ በአላህ ስም ንገሩኝ። ካልተቀላቀለም ንገሩኝ። የፈታኋት አንድ ፍቺ ነው። ሼሁ፣ ‹እስክትወልድ መመለስ ትችላለህ፣ ከወለደች ግን አበቃ› ብሎኛል። የመውለጃዋ ጊዜ ደግሞ ሩቅ አይደለም።»

እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሴትየዋን ነው። ዓመታት ያልመጣ ልጅ አሁን ከየት መጣ አልሁ በልቤ። አቶ በላቸው ግን ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ወረቀቷን ተቀብለው ቁጥሩን ሳያዩ ገለበጧትና የኋላዋን ባዶ ገጽ ያዩ ጀመር።

«አልተቀላቀለም፣» አሉ በመጨረሻ። «ደሙ ያንተ ነው፤ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ማታ ነው የቀዳሁት።»

ማታ የሚለው ቃል ለእንድሪስ ምንም አልነገረውም። ለኔም ገና አልነገረኝም። አቶ በላቸው ግን ተነሥተው፣ ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ሁለታችንንም ወደ ዶክተር ፍሥሓ ክፍል መሩን። ዶክተሩ ሰሙና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ይህ ሆርሞን በጠዋት ነው ከፍ የሚለው» አሉ። «እየመሸ ሲሄድ ይወርዳል። ረመዳን ላይ ደግሞ ሰው ሌሊት ይነቃል፣ ቀን ያንቀላፋል፣ የሰውነቱ ሰዓት ይዛባል። እንድሪስ፣ ይህ ወረቀት ስላንተ የሚናገረው ስለ አንዲት ምሽት ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ እንኳ ቢገኝ አይወልድም ማለት አይደለም፤ በአንድ ወረቀትም ማንም እንዲህ ነው አይባልም። ጠዋት ደግመን እንቅዳና እንላክ። አዲስ አበባ ለወዳጄ ደውዬ እንዲያስቸኩልልን እለምነዋለሁ።»

እንድሪስ የዶክተሩን አፍ አፍ ሲያይ ቆየ። «ታዲያ ዘሐራን ልመልሳት?»

«እሱን ደም አይነግርህም» አሉ ዶክተሩ።

«እኔ ግን ወረቀት ነው የነገረኝ፤ የሚመልሰኝም ወረቀት ይሁን» አለ። ሰው አንዴ በወረቀት ከተመታ ሌላ መድኃኒት አያምንም።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ፣ ሳይበላ፣ ተኝቶ አድሮ መጣ። እኔ ቀዳሁት። አቶ በላቸው ሰዓቱን በቀይ ቀለም ጻፉበት። የበረዶውን ዕቃ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ የሄድሁት እኔ ነኝ። በር ላይ የነበረው ፈታሽ ወታደር ዕቃውን ሲያነሣው ውስጡ ተንሿሿ።

«ምንድን ነው?»

«ደም ነው» አልሁት። በዚያ ዘመን ለወታደር የማይመለስ መልስ ካለ ይህ ነው።

«የማን ደም?»

«የሕመምተኛ። ለምርመራ ውጭ አገር የሚሄድ ነው፣ ደብዳቤ አለው።»

«ደም ለምን ከአገር ይወጣል?» አለና አለቃውን ጠራ። አለቃውም ደብዳቤውን አነበበ፣ ማኅተሙን ጠረጠረ፣ እኔን ጠረጠረ፣ ክሊኒኩ ስልክ እስኪደወል ቁጭ በል አለኝ። ስልኩ አልገባ አለ። ዕቃውን ከፍተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት፤ በረዶው ቀለጠ። አውሮፕላኑ ዓይኔ እያየ ተነሣ። ሲለቁኝ አንዱ ወታደር ዕቃውን በአንድ እጁ አንሥቶ ወረወረልኝ፤ ብልቃጡ ውስጥ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ወታደሩን አልፈርድበትም፣ የተማረው እሱን ነው። እሱም እንደኛ ጠርጥር ተብሎ ነው የተቀጠረው። ልዩነቱ ከብልቃጥ በፊት ሰውን ጠርጥር መባሉ ነው።

ስመለስ አቶ በላቸው አልተቆጡኝም። ዶክተሩ አሁን ድጋሚ ቢላክ ውጤቱ ከልጁ መወለድ በፊት እንደማይደርስ ተናገሩ። ሲመሽ አቶ በላቸው ብልቃጥ እያደረቁ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «ያቺን ሴት ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ይስማው» አሉ። «ሰው ሁሉ የተቀዳበትን ሰዓት ስጠይቅ ኖሬ፣ የራሴን እጅ አልጠየቅሁትም።» አልቅሰው እንደሆነም አላውቅም፤ ዞረው አላዩኝም።

በማግስቱ ግን «ሰውየውን ጥራልኝ» አሉኝ።

እንድሪስ መጣ። አቶ በላቸው ከክንዱ ደም ቀዱና እስኪረጋ ሻይ አስመጡለት። ሴረሙ ሲለይ ሁለት ብልቃጥ አነሡ። አንዱን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ካዩት በኋላ ለእንድሪስ ሰጡት፤ እሱም በጉንጩ ሞከረው፣ ደረቅ ነበር። ሁለተኛውን እንሥራው ውሃ ውስጥ አጠለቁትና ደፍተው አራገፉት። ከዚያ ከአንዱ ሴረም ለሁለቱም እኩል አደረጉ፣ ከአንዱ አሲድ ለሁለቱም እኩል ጨመሩ።

ደረቁ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። እርጥቡ ፈላ፣ ጨሰ፣ ከዚያ ደብዝዞ ምንም የማይመስል ነገር ሆኖ ቀረ። አቶ በላቸው ሁለቱንም በመስኮቱ በኩል አነሡለት።

«የትኛው ነው ያንተ?»

እንድሪስ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። «አረንጓዴው?»

«ሁለቱም ያንተ ናቸው። ከክንድህ ሲወጡ አይተሃል። አንደኛው የተበላሸው አንተ ስለተበላሸህ አይደለም፣ እኔ ብልቃጡን ስላረጠብሁት ነው። ረመዳን ላይም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በውሃ ፈንታ በምሽት አረጠብሁት።»

እንድሪስ ደብዛዛዋን ብልቃጥ ተቀብሎ አገላበጣት። እኔ ይጥላታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼማ የደንገል ነገር ነው። ሳይደርቅ ያሰርኸው ደንገል ታንኳ ይመስላል እንጂ ታንኳ አይደለም፤ መሐል ሐይቅ ላይ ይከዳሃል። ያን ጊዜ ሰው ሐይቁን ይረግማል። ሐይቁ ምን አደረገ?»

«እኮ፣ ዘሐራ ምን አደረገች?» አሉ አቶ በላቸው።

እንድሪስ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ። በመስኮቱ ስናየው ወደ ሐይቁ ነበር የሚሄደው፤ ሐይቁ ግን ቤቱም፣ ሥራውም ያለበት ነው፤ ከዚያ ምንም ማወቅ አይቻልም። ቀናት አለፉ። እኔ አልሄደም አልሁ። አቶ በላቸው በየጠዋቱ ብልቃጦቹን በጉንጫቸው ይመረምሩ ነበር።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳና እንድሪስ ገመድ የተሳካባቸው ዓሣዎች ይዞ ገባ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«ወንድ ነው» አለ። «ሳትወልድ ነው የደረስሁት። ደግሞ ለጥቂት!»

አቶ በላቸው ወንበር ሰጡት። እሱ ግን ቆሞ ነው ያወራን። ሐይቁን ተሻግሮ አጎቷ ደጅ ሲደርስ ዘሐራ በሩን ዘግታ ከውስጥ ሆና ጠየቀችው።

«‹ሌላ ወረቀት ይዘህ መጣህ?› አለችኝ። የለኝም አልኋት። ‹ይዘህ ብትመጣ አልከፍትልህም ነበር› አለች፤ ‹ነገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይመጣና መልሰህ ትፈታኛለህ። ባዶ እጅህን ከመጣህስ ግባ።›»

አቶ በላቸው መነጽራቸውን አወለቁና በጋዋናቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ዶክተር ፍሥሓ ከፈለገ ደሙን በጠዋት ደግመው እንደሚልኩለት ነገሩት። «ምን ልሰማ?» ብሎ ሳቀ። ስለዚህ የእንድሪስ ሆርሞን በጠዋት ስንት እንደነበረ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

አራስ ልንጠይቅ አቶ በላቸውና እኔ አብረን ሄድን። ዘሐራ ሕፃኑን ስታስታቅፈኝ፣ ምን ይደረግ ልማድ ነው፣ መታቀፊያውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ የእንድሪስን ጆሮ ወርሶ እንደሆነ ለማየት ሞከርሁ። አቶ በላቸው እጄን ያዙ። ስንመለስ ሐይቁን ዳር ዳር እያልን ጥቂት ከሄድን በኋላ ተናገሩኝ።

«ጥርጣሬ ከጋዋኑ ጋር የሚለበስ ነው፣ ይስማው። ስትወጣ አብረህ አውልቀው።»

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከላቦራቶሪው ሰዓቱ በቀይ ሳይጻፍበት የወጣ ብልቃጥ የለም። እኔም ቀጠልሁበት። ማሽን መጥቶ፣ አሲዱም አረንጓዴውም ቀርቶ፣ ብልቃጡ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ ከሆነ በኋላ እንኳ ቀይ እስክሪብቶዬን አልተውሁም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ዝናብ እየወረደ መጣ። የሹራብ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ጎትቶ ጆሮውን ሸፍኖታል፤ ጫማው ጭቃ ነው። ቆጋ መስኖ ላይ እንደሚሠራ ነገረኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ድንቹ ምርት አወራን። ልሂድ ብሎ ሲነሣ ወረቀቱ ከኪሱ ወጣ። ኮሌስትሮሉ ላይ አንዷ ፊደል፣ ሆርሞኑ ላይ ሌላዋ ነበረች።

«ካገባሁ ገና ነው፤ ሚስቴ አላየችውም» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «አባቴ ነው ወደ እርስዎ የላከኝ። እንድሪስ ይባላል፣ ታንኳ አሳሪው። ጋሽ ይስማው ዘንድ ሂድ አለኝ።»

ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥሁት። «አባትህ አየው?»

«አላየም። ገና ሳወጣው፣ ‹አጥፈው› አለኝ። ‹መጀመሪያ ሰዓቱን ይጠይቅህ፣ ቀጥሎ ብልቃጡን፤ ሰውን በመጨረሻ› ብሎ ላከኝ።»

«ስንት ሰዓት ተቀዳህ?» አልሁት።

«ማታ። ከሥራ ወጥቼ፣ እግረ መንገዴን በልቼ።»

«በል ነገ ጠዋት፣ ሳትበላ፣ ተኝተህ አድረህ ሂድና ድገመው። ከዚያ ሐኪም ይይህ። ይቺን ለማንም እንዳታሳያት።»

ወረቀቱን ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ጋሽ ይስማው፣ አባቴ ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው ያውቃሉ? እናቴ ሲናገረው በሰማች ቁጥር ትስቃለች። ለምን እንደምትስቅ ግን አንዳቸውም አይነግሩኝም።»

«እንጃ፣ ልጄ» አልሁት።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቆቡን አወለቀና ሊያራግፈው ጀመር። እኔም ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ።